ታብሌቱ አያስተምርም፦ ስለ ኤአይና ስለ ትምህርት ቤቶቻችን እውነቱና ተረቱ

ኮልፌ ቀራንዮ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች ሁሉ ብዙ ሰው የተቆጠረበት ነበር፤ ከ428 ሺህ በላይ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ዓለም ባንክ፣ ቤቴልና አየር ጤና በሚባሉት አካባቢዎች በኩል እየሰፋ ሄዷል። ይህን ያህል ልጅ ባለበት ሰፈር «ትምህርት ቤቶቻችን ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ያስተምሩ ወይ?» የሚለው ጥያቄ የቅንጦት ወሬ አይደለም። በወላጆች ስብሰባ ላይ ይነሳል፣ ታክሲ ውስጥ ይነሳል፣ እራት ላይም ይነሳል። ልጆቹ ነገሩን ባጭሩ ኤአይ ነው የሚሉት፤ እኔም እንደነሱ እጠራዋለሁ።

ጥያቄው ሲነሳ የሚሰማው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ጫፍ ነው። አንዱ ወገን ማሽኑ የትምህርትን ችግር ሁሉ ሊፈታ መጥቷል ይላል፤ ሌላው የልጆቻችንን አእምሮ ሊያደርቅ መጥቷል ይላል። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት፣ ሁለቱም ልጃቸውን ይወዳሉ። ሆኖም በሁለቱም ወሬ ውስጥ ልጅን የሚጎዳ ተረት ተቀላቅሏል። ጎጂ ከምላቸው ልጀምር።

ተረት፦ «ታብሌት ስጠው እንጂ ልጁ ራሱ ይማራል»

ይህ ተረት ዓለምን የዞረው ከእኛው ምድር ተነስቶ ነው። ከአየር ጤና ወጥቶ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ የሚሄድ መንገደኛ ወንጪ ይደርሳል። በ2004 ዓ.ም. «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት የገጠር መንደሮች፣ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት ሞቶሮላ ዙም የተባሉ ታብሌቶችን እንደታሸጉ አደላቸው። አስተማሪ አልተመደበም፤ ይህን አድርጉ ያላቸውም የለም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ በተደረገ የቴክኖሎጂ ጉባኤ ላይ ውጤቱን ተናገረ፦ አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በ5 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 መተግበሪያ ይከፍት ጀመር፤ በ2 ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ፤ በ5 ወር ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሰብረው ከፈቱት።

ልጆቹ ያደረጉት ነገር የሚያኮራ ነው። የገጠር ልጅ ቴክኖሎጂ አይገባውም ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የለም። ተረቱ የመጣው ይህ ሁሉ «እንግዲያው መምህር አያስፈልግም» ለሚል ድምዳሜ መደገፊያ ሲሆን ነው። መተግበሪያ መክፈት ማንበብ አይደለም። የፊደል መዝሙር የዘመረ ልጅም ገና አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቦ አልተረዳም። ከወሬው የቀረ ሌላም ነገር አለ፦ ታብሌቶቹ በፀሐይ ኃይል ይሞሉ ስለነበር ለመንደሩ አዋቂዎች አሞላሉን ማሠልጠን አስፈልጓል፤ በየሳምንቱም አንድ ባለሙያ እየሄደ የመረጃ ካርዱን ይቀይር ነበር። ሰው የሌለበት ተብሎ የተነገረው ሙከራ ከጀርባው ሰው ነበረበት።

የዚሁ ድርጅት ላፕቶፕ በብዛት የገባው ፔሩ ነው። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች 319 የገጠር ትምህርት ቤቶችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ውጤት ግልጽ ነበር፦ ላፕቶፕ ያገኙት ልጆች በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ፈተና ካላገኙት አልበለጡም።

እኛ ደግሞ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርትን አሳልፈናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ የኮልፌ ወላጅ ሁሉ ያስታውሰዋል። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ወደ ክፍል ይገባ ነበር፤ በእንግሊዝኛ፣ በፍጥነት፣ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ይዞ። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አያየውም። መምህሩ አቁሞ ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም፣ ምክንያቱም ሥርጭቱ ቀጥታ ነው። ብዙ እውቀት ያለው መምህር በገዛ ክፍሉ ውስጥ ተመልካች ሆኖ ቀረ። ፕላዝማው መጥፎ ሰው ያመጣው ነገር አልነበረም፤ የመምህር እጥረትን ለመሸፈን ታስቦ የመጣ ነው። ስህተቱ ማሽኑን ከመምህሩ ጎን በማቆም ፈንታ በመምህሩ ቦታ ማቆሙ ላይ ነበር። ዛሬ ስለ ኤአይ የምንሰማው «እያንዳንዱ ልጅ የራሱ አስተማሪ ይኖረዋል» የሚል ተስፋ ያንን ስህተት እንዳይደግም፣ ያየነው ሰዎች ዝም ማለት የለብንም።

ተረት፦ «ኮምፒውተር ከሌለ ኤአይ ማስተማር አይቻልም»

ይህ ደግሞ የተቃራኒው ጫፍ ተረት ነው፤ ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤት ባለበት ሰፈር ተስፋ የሚያስቆርጠውም እሱ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ያሉት ኮምፒውተሮች ለተማሪው ቁጥር አይበቁም፤ ስለዚህ «ይህ የግል ትምህርት ቤት ልጆች ጉዳይ ነው» ተብሎ ይተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የጋናው መምህር ሪቻርድ አፒያ አኮቶ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የማይክሮሶፍት ወርድን ገጽ በቀለም ጠመኔ አንድም ሳያስቀር ሥሎ ሲያስተምር የሚያሳየው ፎቶ ዓለምን ዞሮ ነበር። ተማሪዎቹ በኮምፒውተር ትምህርት ብሔራዊ ፈተና ይጠብቃቸዋል፤ ትምህርት ቤቱ ግን ኮምፒውተር አልነበረውም። ሰሌዳ ኮምፒውተርን ይተካል ለማለት አይደለም የማነሳው፤ እሱም ራሱ ኮምፒውተር ይፈልግ ነበር። ነገር ግን የማሽኑ አሠራር ከማሽኑ ተለይቶ ሊማሩት የሚቻል እውቀት ነው። ይህን የኒውዚላንዱ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ መምህር ቲም ቤልና ባልደረቦቹ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምረው ሠርተውበታል፤ ያለ ኮምፒውተር የኮምፒውተር ሳይንስን በወረቀት፣ በገመድና በጨዋታ የሚያስተምር ሙሉ ዘዴ አዘጋጅተዋል።

አየር ጤና ወይም ረጲ ያለ አንድ መምህር ነገ ጠዋት ሊያደርገው የሚችለውን ልንገራችሁ። ሰሌዳው ላይ «ቁርሴን ሻይ በ...» ብሎ ይጻፍና ያቁም። እያንዳንዱ ተማሪ የሚቀጥለውን ቃል ለማንም ሳያሳይ በብጣሽ ወረቀት ይጻፍ። ወረቀቶቹ ተሰብስበው ይቆጠሩ። «ዳቦ» ያሉት ይበዛሉ፣ ጥቂቶች «አምባሻ» ይላሉ፣ አንድ ሁለት ልጅ «ቦምቦሊኖ» ይላል። ከዚያ መምህሩ ቃሉን ይቀይር፤ «ምሳዬን እንጀራ በ...» ይበል፤ ቆጠራው ሁሉ ይለወጣል። ልጆቹ የቋንቋ ሞዴል የሚባለውን ነገር መሠረታዊ አሠራር አሁን አዩት፦ ከዚህ በፊት ሰዎች ከጻፉት እየተነሳ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል ይገምታል። ግምቱ የሚሠራው በቢሊዮን በሚቆጠሩ ስሌቶች ነው፤ ነገር ግን ግምት ነው። «ዳቦ» የሚለው ማሽን ዳቦ ቀምሶ አያውቅም። ይህን በ40 ደቂቃ የተረዳ የ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ ስልኩ ላይ ያለው መተግበሪያ በሚያምር ዓረፍተ ነገር ሐሰት ሲነግረው ለምን እንደሆነ ያውቃል።

ይህን ስል ግን ኮምፒውተር መግዛቱ ይቅር የሚል እንዳይጠቅሰኝ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በኮምፒውተርም እየተሰጠ ነው። ማውስ የጨበጠው በፈተናው ሰሞን የሆነ ልጅ ቤቱ ኮምፒውተር ካለው ልጅ ጋር እኩል አልተፈተነም። ቁልፍ ሰሌዳ፣ ፋይል ማስቀመጥ፣ ገጽ ማገላበጥ፤ እነዚህ በእጅ ካልተነኩ አይለመዱም። በአንድ ክፍል ውስጥ ቆልፎ ከማቆየት ያሉትን ጥቂት ኮምፒውተሮች በተራ ማስነካት ይሻላል።

ተረት፦ «በኤአይ የሚሠራ ተማሪ ጎበዝ ይሆናል»፤ ተረት፦ «በኤአይ የሚሠራ ተማሪ ይደነዝዛል»

ሁለቱን አብሬ ያነሳኋቸው በሁለቱም ውስጥ ግማሽ እውነት ስላለ ነው።

ቱርክ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ 1 ሺህ በሚጠጉ ተማሪዎች ላይ በሒሳብ ትምህርት የተደረገ ጥናት አለ፤ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው የሠሩት፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2024 ወጣ። ተማሪዎቹን በሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን እንደ ወትሮው በመጽሐፍና በደብተር ተለማመደ። ሁለተኛው የተለመደውን ቻትጂፒቲ የሚመስል መሣሪያ ተሰጠው። ሦስተኛው መልሱን በቀጥታ እንዳይነግር፣ ፍንጭ ብቻ እየሰጠ እንዲመራ በመምህራን ምክር የተስተካከለ መሣሪያ አገኘ። በልምምድ ጊዜ ሁለተኛው ቡድን ከመጀመሪያው በ48 በመቶ በለጠ፤ ሦስተኛው በ127 በመቶ። ቀጥሎ መሣሪያው ተወስዶ ያለ ምንም ድጋፍ ተፈተኑ። መልሱን እየተቀበለ የቆየው ቡድን ጨርሶ ኤአይ ካልነካው ቡድን በ17 በመቶ አነሰ። በፍንጭ የተመራው ግን አልተጎዳም፤ ከመጽሐፍ ተማሪዎቹ ጋር ተቀራራቢ ሆነ።

እዚህ ላይ ወላጅ ቆም ብሎ ቢያስብ እወዳለሁ። ልጃችሁ ማታ የቤት ሥራውን በ10 ደቂቃ ጨርሶ፣ ሁሉም ትክክል ሆኖ ሲያሳያችሁ ያያችሁት የልምምዱን ውጤት ነው። ፈተናው ገና ነው። ደግሞም በዚያ ጥናት ውስጥ በኤአይ የተለማመዱት ተማሪዎች ራሳቸው መጎዳታቸውን አላወቁም ነበር፤ የተማሩ ነው የመሰላቸው።

ከዚህ በተቃራኒ በናይጄሪያ ኤዶ ግዛት፣ ቤኒን ከተማ ውስጥ የሆነውን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2024 ክረምት የዓለም ባንክ በደገፈው መርሐ ግብር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለ6 ሳምንት ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በኤአይ እየታገዙ እንግሊዝኛ ተማሩ። መምህር ከጎናቸው ነበር፤ ምን እንደሚጠየቅ፣ መልሱ እንዴት እንደሚመረመር እየመራ። በመጨረሻው ፈተና ካልተሳተፉት ተማሪዎች በግልጽ በልጠው ተገኙ፤ ብዙ ቀን የተገኙትም ይበልጥ ተጠቀሙ። መብራትና ኔትወርክ እዚያም ይቸግራል፤ በዚህ በኩል ናይጄሪያ ከእኛ በብዙ የምትለይ ሀገር አይደለችም።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ሊወስን የሚገባው ኤአይ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚለውን ብቻ አይደለም። መቼ፣ ለየትኛው ሥራ፣ በማን መሪነት የሚለውን ነው። ድርሰት እንዲጻፍለት የጠየቀ ተማሪ ምንም አላተረፈም። ራሱ የጻፈውን ድርሰት አስገብቶ «የት ላይ ነው ሐሳቤ የተምታታው?» ያለ ተማሪ ግን ተምሯል። ይህን ልዩነት ሊያሳየው የሚችለው መምህሩ ነው፤ ለዚህም መምህሩ ራሱ አስቀድሞ መሠልጠን አለበት።

ተረት፦ «የገለበጠውን መምህሩ በመለያ ሶፍትዌር ይይዘዋል»

አይይዘውም። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 7 የመለያ ሶፍትዌሮችን ሲፈትሹ፣ ሶፍትዌሮቹ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆኑ ሰዎች በእጃቸው ከጻፏቸው የቶፍል ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ በላዩን «በኤአይ የተጻፈ» ብለው ፈርጀዋል። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣውን መለያ በዚያው ዓመት ሐምሌ አስተማማኝ አይደለም ብሎ አንስቶታል። በሁለተኛ ቋንቋው ለሚጽፈው ልጃችን ይህ ሶፍትዌር ዳኛ ሊሆን አይገባም። መምህሩ ተማሪውን አቁሞ «እስቲ ይህን አንቀጽ በቃልህ አስረዳኝ» ቢለው ይበቃል።

ተረት፦ «ማሽን ነውና አያዳላም፣ ሁሉንም ያውቃል»

አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው የኤአይ ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣችው ጥናት ለዚህ በቂ መልስ ነው። ከፊት ፎቶ ተነስተው ፆታን የሚለዩ የታላላቅ ኩባንያዎች ሥርዓቶችን ፈትሸው፣ ቀላ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ የስህተቱ መጠን ከ0.8 በመቶ እንደማይበልጥ፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ እንደሚደርስ አሳዩ። ምክንያቱ ከሻይ በዳቦው ቆጠራ የራቀ አይደለም፤ ማሽኑ የሚገምተው ካየው ነገር ተነስቶ ነው። ያላየውን አያውቀውም። ስለዚህ የኮልፌ ልጅ፣ ባለ ጥቁር ቆዳዋ፣ አማርኛ ተናጋሪዋ፣ በማሽኑ ትምህርት ውስጥ ምን ያህል እንደተካተተች የመጠየቅ መብት አላት።

በአማርኛ በኩልም እንደዚያው ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ጉግል አማርኛን መተርጎም የጀመረው በ2016፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን ደግሞ በ2022። በኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። የቋንቋ ሞዴሎች ጽሑፍን ቆራርጠው ነው የሚያነቡት፤ አንድ ዓይነት ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ከእንግሊዝኛው በብዙ እጥፍ ወደሚበልጡ ቁርጥራጮች ይበታተናል። በዚህ ምክንያት ሥራው ይዘገያል፣ ዋጋው ይጨምራል፣ ስህተቱም ይበዛል። ተማሪው በአማርኛ ጠይቆ ደካማ መልስ ሲያገኝ ጥፋቱ የቋንቋው እንዳይመስለው ይህን ማወቅ አለበት። ነገሩ የሚሻሻለውም በዚህ ቋንቋ የሚጽፉና የሚሠሩ ሰዎች ሲበዙ ነው።

መመርመርን ለማለማመድ የሰፈሩ ታሪክ ጥሩ መነሻ ይሆናል። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ በሚገኘው የፖሊስ ጦር ሠፈር ወታደራዊ ሥልጠና ወስዷል፤ 6 ወር ሊቆይ ታስቦ ከ8 ሳምንት በኋላ ወደ ሀገሩ ተጠራ። ይህን ራሱ በጻፈው «ሎንግ ዎክ ቱ ፍሪደም» በተባለው የሕይወት ታሪኩ ተርኮታል። ተማሪዎቹ ማሽኑን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስለዚህ ይጠይቁት፣ የሰጠውን መልስ ከመጽሐፉ ጋር ያመሳክሩ፤ ዓመተ ምሕረቱን ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ ሲቀይር ተሳስቶ እንደሆነ ይዩ። ከዚያ ትምህርት የሚወጣ ልጅ ምንጭ መጠየቅን ለምዶ ነው የሚወጣው።

ተረት፦ «ኮድ ተምሮ ሰርተፊኬት ከያዘ ሥራ አገኘ»

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብር በነፃ ነው፤ የድረ ገጽ ሥራን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራንና የዳታ ሳይንስን መነሻ ያስተምራል። ስልክና ኔትወርክ ያለው ወጣት ሁሉ ቢመዘገብ እመክራለሁ። ግን መነሻ ነው። ሥራ የሚያስገኘው ከሰርተፊኬቱ በኋላ የሚሠራው ነገር ነው፤ የሚሠራው ነገር ደግሞ ሒሳብና ንባብ ይጠይቃል።

እዚያ ላይ ያለን መሠረት ያሳስበኛል። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻሉ እውነት ነው፤ ያም ሆኖ በ2017 ከ10 ተፈታኝ 9ኙ ግማሹን አልደረሰም። ለኤአይ ክበብ ተብሎ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሚቀነስ ከሆነ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሆናል። ፐርሰንት የማይገባው ልጅ ማሽኑ «92 በመቶ እርግጠኛ ነኝ» ሲለው ምን እንደተባለ አያውቅም።

ተረት፦ «ይህ የሌላ ዓለም ሥራ ነው፣ እኛ ተመልካች ነን»

ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በሰኔ 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትመጣ ብዙ ሰው እንደ እንግዳ ነበር ያያት። የሶፍትዌሯን ከፊል የሠሩት ግን አይኮግ ላብስ የተባለው የዚህ ከተማ ድርጅት ወጣቶች ናቸው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ረድኤት አበበ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2019። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. በማዕከልነት ያቋቋመው የዛሬው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት በክረምት ወራት ለተማሪዎች ሥልጠና ይሰጣል። ከዚያው ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ኤአይን የሚጨምር የአዳዲስ ቴክኖሎጂዎች መግቢያ ኮርስ ይወስዳል። ብሔራዊው የኤአይ ፖሊሲም በሰኔ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። በሩ ተከፍቷል፤ ጥያቄው የዓለም ባንክ ሰፈርና የረጲ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሳይደርስ በፊት ይገባበታል ወይ የሚለው ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ትምህርት ቤት የልጃችሁን ፎቶ፣ ስምና ውጤት በማንኛውም የኤአይ መተግበሪያ ላይ ከማስገባቱ በፊት መረጃው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ጠይቁ። በቀጣዩ የወላጆች ስብሰባም ስንት ታብሌት ተገዛ ብላችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ ስንት መምህራን እንደሠለጠኑ ጠይቁ፣ ማን እንዳሠለጠናቸው ጠይቁ፣ ከሥልጠናው በኋላ ክፍል ውስጥ ምን እንደተለወጠ ጠይቁ። መልስ ካልተሰጣችሁ ለቀጣዩ ስብሰባ በቃለ ጉባኤ አስይዙት።